የአባዬ ፔጆ 404፦ ሞተር የመቀየር ማስታወሻ፣ ሐረር

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አሮጌው ሞተር ከዚህ በላይ አይሄድም። በ200 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ዘይት ይጠጣል፣ ጠዋት ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል፣ ሲሞቅ ደግሞ የዘይት መብራቱ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይረገጥ) ይበራል። ከታች በኩል የሚሰማው ድምፅ የቫልቭ አይደለም፤ ከባድ ነው፣ ጋዝ ሲለቀቅ ይብሳል። አባዬ ከወንበሩ ሳይነሳ «ብሮንዚኑ ሄዷል» አለ፤ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚዞርበት ለስላሳ ብረት ማለቱ ነው። በዚህ መኪና ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ ስንት ዓመት ታክሲ ሠርቷል፤ ጆሮውን አምነዋለሁ።

አንድ ጋራዥ ሞተሩን አውርዶ የቶዮታ ሞተር ለመግጠም 140,000 ብር ጠየቀኝ። ገንዘቡ ብቻ አይደለም ያስተወኝ። የ404 ሞተር ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ጋደም ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ኮፈኑ ዝቅ ያለው ለዚህ ነው። ቀጥ ያለ ሞተር ለማስገባት ሱፖርቶቹን መቁረጥና አዲስ መበየድ የግድ ነው። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግም እንደ ሌላው መኪና በክሮቼራ (በመስቀል መጋጠሚያ) የተንጠለጠለ ሳይሆን ወፍራም ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦው ከካምቢዮው ጀርባ ጋር በኳስ ተያይዟል። ካምቢዮውን ከቀየርኩ የኋላውን ሁሉ መቀየሬ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የ404 ቆርቆሮ የለበሰ ሌላ መኪና ይሆናል።

ስለዚህ ፔጆ በፔጆ። ሥራውን እኔና ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ እንሠራለን። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ ሲመቻቸው ብቅ እያሉ ያዩናል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

ሞተር ፍለጋ ድሬ ወረድኩ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ደረስኩ፤ ከቀትር በኋላ ሱቁ ሁሉ ስለሚዘጋ ከ6 ሰዓት በፊት መጨረስ ነበረብኝ። ከፒክአፕ የወረደ ሞተር አገኘሁ። ሻጩ «የ504 ነው፣ 1.8 ነው፣ ከዚያኛው ይጎትታል» ብሎ 38,000 ብር አለ። የሞተሩ ቁጥር በዝገትና በቀለም ተበልቶ አይነበብም።

ጋሼ ይህን ቀድመው ስላሰቡ አንድ ነገር አስታጥቀውኝ ነበር፦ ቀጥ ያለ የብየዳ ዘንግና የብረት ማስመሪያ። የ1618 ሲሲውም (የ404ቱ) የ1796 ሲሲውም (ሻጩ 1.8 ያለው) ሲሊንደር ስፋቱ 84 ሚሊሜትር ነው። የሚለያዩት ፒስተኑ በሚጓዘው ርቀት ነው፦ የ404ቱ 73 ሚሊሜትር፣ የ1.8ቱ 81። ካንዴላ (ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈትቼ ዘንጉን በቀዳዳው ሰደድኩ፤ ፒስተኑ ከላይ ጫፍ ሲደርስና ከታች ጫፍ ሲደርስ በምስማር ምልክት አደረግሁ። መካከሉ 73 ተኩል መጣ። ዘንጉ ትንሽ ስለሚያዘነብል ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት ይኖራል፣ ስምንት ሚሊሜትር ግን አይኖርም። ደግሜ በሌላ ሲሊንደር ለካሁ፣ ያው ነው።

ሻጩ ራሱ ዘንጉን ይዞ ለካና ዝም አለ። እሱም የተነገረውን ነበር የነገረኝ መሰለኝ። 30,000 ላይ ተስማማን። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ የራሱ የ404 ሞተር ከሆነ ሱፖርቱም የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) መገጣጠሚያም ሳይነካ ይገባል። በመንገድ ላይ ስልኬ ላይ ሒሳቡን ስሠራ አንድ ነገር አየሁ፦ 1618 ለአራት ሲካፈል 404 ተኩል ይመጣል። ፔጆ ስሙን ከዚያ አላወጣውም፣ በመካከሉ ዜሮ ያለበት ቁጥር የቤቱ ልማድ ነው፤ ግን ለአባዬ ነግሬው ሳምንቱን ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራው ሰነበተ።

አይሱዙ ላይ አስጭኜ ሐረር ለማድረስ 2,500 ብር ከፈልኩ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

አሮጌውን የማውረድ ቀን። ኮፈን፣ ራዲያተር፣ ካርቡሬተር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የማርሚታ መገጣጠሚያ። የማርሚታው ሦስት ቡሎኖች ከዝገት ብዛት ድንጋይ ሆነዋል፤ ሐሙስ ማታ ናፍጣና ዘይት ቀላቅዬ ቀብቼ ስለነበር ሁለቱ ተፈቱ፣ አንዱ ተሰበረ። በመሰርሰሪያ አወጣነው፣ አንድ ሰዓት በላ።

ካምቢዮውን ሳናወርድ ሞተሩን ብቻ ለመለየት ነው የወሰንነው። ካምቢዮውን ከሥር በክሪክና በጣውላ ደግፈን የመገጣጠሚያውን ቡሎኖች ፈታን። ከላይ ያሉት ሁለቱ በእጅ አይደረሱም፤ ሁለት የቡሶላ ማራዘሚያ ቀጥዬ ከመኪናው ሥር ተኝቼ፣ ወንድሜ ከላይ ቡሶላውን በጣቱ ራስ ላይ እየያዘልኝ ነው የወጡት።

ማንሻው ሦስት የውኃ ቱቦ በአናቱ የታሰረ ባለ ሦስት እግርና በቀን 600 ብር የተከራየነው ባለ ሰንሰለት ፓራንኮ ነው። እዚህ ተሳሳትኩ። ገመዱን ሁለቱ የሞተሩ ጫፎች ላይ አስሬ እንደማንኛውም ሞተር በመሐሉ ያዝኩት። ከሱፖርቱ ሲላቀቅ ጋደም ብሎ የነበረው ሞተር በክብደቱ ዞሮ ቀጥ ሊል ፈለገ፤ ጎኑ የመሪውን ዘንግ ገጭቶ ተቀረቀረ። ከአንድ ኩንታል በላይ ብረት ተንጠልጥሎ ሲዞር ማየት ያስፈራል። ወንድሜ እጁን ሊያስገባ ሲል ጮህኩበት።

አውርደን ቁጭ አልን። እማዬ ሻይ አመጣች። ከዚያ ማሰሪያውን በአራት ቦታ አደረግሁት፦ ሁለቱ አጭር፣ ሁለቱ ረጅም፣ ሞተሩ መኪናው ውስጥ ባለው ጋደምታ ልክ እንዲንጠለጠል። ፊቱን ትንሽ ቀና አድርገን ወደ ፊት ሳብነው፤ ከካምቢዮው ዘንግ ሲላቀቅ ተሰማን። 10 ሰዓት ላይ መሬት ላይ ነበር።

የሰንሰለቶቹን ርዝመት በቀለም ምልክት አድርጌ አስቀመጥኩ። ለመመለሻው ይጠቅማል።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

የተገዛውን ሞተር መመርመር። መግዛት ከመጀመሬ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ነው፤ ርዝመቱን ለክቼ ጤናውን ሳልለካ ገዛሁት። ቀጣይ የሚገዛ ሰው ይህን መሣሪያ ይዞ ይሂድ፦ አሮጌ ካንዴላ ወስደን ሸክላውን ሰብረን አወጣን፣ በቀረው ብረት ውስጥ የባጃጅ ጎማ ቫልቭ አስበየድን። ዋጋው 150 ብር። ከዚያ ሞተሩን በጋሪ ጎሚስታው ጋ ወሰድነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱን ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበት፣ ፒስተኑ ከላይ ጫፍ የደረሰበት ቦታ ላይ ታቆማለህ፤ አየር ትሰጠዋለህ፤ ታዳምጣለህ። በዘይት መሙያው በኩል ከነፈሰ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። በካርቡሬተሩ በኩል ከነፈሰ የማስገቢያ ቫልቭ፣ በማርሚታው በኩል ከሆነ የማስወጫ ቫልቭ። ኮሎውን ግን በረጅም ቁልፍ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ አየሩ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል።

ሦስቱ ሲሊንደሮች በዘይት መሙያው ትንሽ ብቻ ተነፈሱ፣ ለዚህ ዕድሜ ጥሩ ነው። ከቮላኖው (ከሞተሩ ኋላ ካለው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ሁለተኛው ግን በማርሚታው ቀዳዳ እንደ ፉጨት አሰማ። የተቃጠለ የማስወጫ ቫልቭ። ጎሚስታው ብር አልተቀበለኝም፣ «አቦ፣ የአባትህ መኪና ናት» አለኝ።

ፋሻው ደህና ከሆነ ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን ክዳን) ብቻ አውርዶ መሥራት ይበቃል። የታችኛውን ክፍል ላለመክፈት ወሰንኩ።

የካቲት 9፣ እሑድ

ያ ውሳኔ አንድ ቀን ቆየ።

ቴስታታውን አወረድን፣ በደህና ወጣ። እኔ ጓርኒሲዮኑን (በመካከል የሚገባውን ማሸጊያ) እየፋቅሁ ሳለ ወንድሜ ፒስተኖቹን ለማጽዳት ብሎ ኮሎውን አዞረ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ አልነገርኩትም። በዚህ ሞተር ሲሊንደሮቹ ከብሎኩ ጋር አንድ ላይ የተቀረጹ አይደሉም፤ አራት ለየብቻ የሆኑ ሊነሮች ብሎኩ ውስጥ ገብተው ውኃው በቀጥታ ጀርባቸውን ይነካል። ከታች በቀጭን ጓርኒሲዮን ላይ ይቀመጣሉ፣ ከላይ ተጭኖ የሚይዛቸው ቴስታታው ነው። ቴስታታው ከሌለ የሚይዛቸው የለም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ በፋሻው ጉተታ ሊነሩን ይዞት ይነሳል። ሁለቱ ሊነሮች የጥፍር ያህል ከፍ ብለው አየኋቸው። ብሎኩ ውስጥ የቀረው ዝገት የበዛበት ውኃ ወደ ዘይቱ ወረደ፤ ከሥር ሲቀዳ ወተት የመሰለ ነገር ወጣ።

ጋሼ መጥተው አዩና «አይመለስም፣ ይውጣ» አሉ። መልሶ መምታት ይቻላል፤ ነገር ግን የተነሳ ጓርኒሲዮን ከሥሩ ቆሻሻ ገብቶበት ይቀመጣል፣ ከዚያ ውኃ በዘይት ውስጥ ለዘላለም። አራቱንም ሊነሮች፣ ፒስተኖቹን ጭምር አወጣን። የጓርኒሲዮኑ ዋጋ 1,800 ብር ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ሳምንት ጨመረ።

አንድ መልካም ነገር ተገኘበት። ሊነሮቹ ሲወጡ ከጀርባቸው የተጠራቀመው ጭቃና ኖራ ጣት ያህል ወፍራም ነበር፣ በተለይ በኋለኛው ሲሊንደር በኩል። ይህ እንዳለ ቢገባ ኖሮ ያ ሲሊንደር ውኃ አያገኝም ነበር። በካቻቢቴና በሽቦ ፈቅፍቀን በውኃ አጠብን፤ ከብሎኩ ግማሽ ባልዲ ያህል ዝቃጭ ወጣ።

የካቲት 15 እና 22

ቴስታታውን ድሬ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። አንድ የማስወጫ ቫልቭ ተቀየረ፣ የቀሩት ከነመቀመጫቸው ተስተካከሉ፣ ፊቱ ተላገ፣ 5,500 ብር። ሙሉ የጓርኒሲዮን ስብስብ 7,200።

የሊነሩ አገባብ ላይ ብዙ ጊዜ ወሰድኩ። እያንዳንዱ ከብሎኩ ፊት ጥቂት ከፍ ማለት አለበት፣ ቴስታታው እንዲጫነው፤ ከፍታው በመቶኛ ሚሊሜትር የሚለካ ነው፣ አራቱም ደግሞ እኩል መሆን አለባቸው። ቀጥ ያለ ብረት ጠርዙ ላይ አድርጌ የክፍተት መለኪያ ቅጠል ከሥሩ እየሰደድኩ ለካሁ። ሦስተኛው ዝቅ ብሎ ተገኘ። አውጥቼ ሳየው መቀመጫው ላይ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል የኖራ ፍርፋሪ ቀርታ ጓርኒሲዮኑን አጣማዋለች። ጠርጌ በትርፍ ጓርኒሲዮን መለስኩት፤ ተስተካከለ።

ከዚያ የመጀመሪያው ሥራ መያዣ ማበጀት ነበር፦ ሁለት ረጅም ቡሎን፣ ትልልቅ ሮንዴላ፣ የቱቦ ቁራጭ። በየሁለት ሊነሩ መካከል አስሬ ከዚያ ኮሎው ቢዞርም አይነሱም። ዋጋው የጥቂት ብር ነው። የካቲት 9 ቢኖረኝ ኖሮ!

ቴስታታው የካቲት 22 ታሰረ። ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በዲናሞሜትሪክ (የማጥበቁን ኃይል በሚለካ) ቁልፍ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ጾም ገብቷል፤ ቁልፉን ያዋሰኝ ልጅ ለአፍጥር እንዲደርስ 11 ሰዓት ላይ መለስኩለት። ቫልቮቹን በብርድ ማስገቢያውን 0.10፣ ማስወጫውን 0.25 ሚሊሜትር አደረግሁ።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

ማስገባት። የፍሪሲዮን ዲስኩን 3,500 ብር አስለብሼዋለሁ። ዲስኩ በፕላቱ (በሚጫነው ሳህን) ሥር ከመታሰሩ በፊት በትክክል መሐል ላይ መሆን አለበት፣ ካለበለዚያ የካምቢዮው ዘንግ አይገባም። በዓይን ግምት አሰርኩት። ሞተሩ በምልክቱ መሠረት በአራቱ ሰንሰለት በልኩ ጋደም ብሎ ወረደ፣ እስከ ሁለት ጣት ቀረበ፣ ከዚያ እምቢ አለ። ገፋን፣ አወዛወዝን፣ ኮሎውን በትንሹ አዞርን። ቡሎን አስገብቶ በማጥበቅ መሳብ ያምራል፤ ዲስኩን የሚሰብረው ግን እሱ ነው። ተውነው።

መልሰን አነሳነው። ወንድሜ የባሕር ዛፍ እንጨት ጠርቦ ጫፉን ለቮላኖው ቀዳዳ፣ ወገቡን ለዲስኩ ልክ አደረገ፤ የጎደለውን በፕላስተር ጠመጠመ። በእሱ መሐል ለመሐል አድርገን ፕላቱን አጠበቅን። ሁለተኛው ሙከራ በአሥር ደቂቃ ገባ። እንጨቱን ሰቅዬዋለሁ፣ ለሌላ ጊዜ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ዘይት፣ ውኃ፣ ባትሪ። ካንዴላዎቹን አውጥተን የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ ብቻ አዞርነው፤ ደረቅ ብሮንዚን ላይ እሳት አልሰጥም። ከዚያ ካንዴላዎቹን መልሰን ሞከርን።

አልነሳም። በካርቡሬተሩ በኩል ተኮሰ፤ ድመቷ ከግቢው ወጣች። የዲስትሪቢውተሩን ኮንታክት ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ላይ አድርጌዋለሁ፣ እሳቱ ጥሩ ነው፣ ቤንዚን አለ። ዲስትሪቢውተሩን ወደዚህም ወደዚያም አዞርኩ፣ ተኩስ ብቻ። ሁለት ሰዓት ፈጀሁ፣ ፋዛውን (የእሳቱን ሰዓት) ሁለት ጊዜ ደገምኩ፣ ባትሪው ደከመ።

ጋሼ ከደጅ ተኩሱን ሰምተው ገቡ። የካንዴላ ሽቦዎቹን አዩ፤ «ቁጥር አንድን ከየት ቆጠርክ?» አሉ። እኔ ከቮላኖው፣ መጽሐፉ እንደሚለው። «ቁጥሩን ሽቦው ላይ የለጠፈው ማን ነው?» ወንድሜ ነው፣ ማውረጃው ቀን፣ ከራዲያተሩ በኩል እየቆጠረ። «ፈረንሳይ ከቮላኖ ነው የሚቆጥረው፣ ባቡሩ ላይም የኖርንበት ነው» አሉ። የተኩሱ ተራ 1-3-4-2 ነው፤ ቁጥሩ ከተገለበጠ ተራው ያው ይሆናል፣ ግን እሳቱ በሙሉ አንድ ዙር ኮሎ ይዘገያል፣ ማስገቢያው ሊከፈት ሲል ይደርሳል። ለዚህ ነው በካርቡሬተሩ የሚተኩሰው። አራቱን ሽቦዎች አገላብጬ ገጠምኩ።

በሁለተኛው ዙር ተነሳ። ጭሱ በአምስት ደቂቃ ጠራ። አባዬ ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ፣ ምንም አላለም።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ድሬ ደርሶ መልስ። በአወዳይ ወከባ፣ በሐረማያ፣ በደንገጎ ቁልቁለት ሁሉ ደህና። ቁልቁለት ሞተር አይፈትንም። ከ8 ሰዓት በኋላ ድሬ ውስጥ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያቀልጥበት ሰዓት ዳገቱን ጀመርኩ። ግማሽ ሳልደርስ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ወጣ። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ሞተሩ እየሠራ ማራገቢያው በነፋስ ብቻ ቀስ ብሎ ይዞራል።

የ404 ማራገቢያ ሁልጊዜ ከቺንጋው (ከቀበቶው) ጋር አይዞርም። በማግኔት የሚያዝ ነው፤ ውኃው ሲሞቅ ሙቀት የሚያውቅ ማብሪያ በትንሽ የካርቦን ብሩሽ በኩል ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይያያዛል። በአሮጌው ሞተር ላይ ይህን አላውቀውም ነበር፤ አባዬ ከስንት ዓመት በፊት ቡሎኖቹን አጥብቆ ቋሚ አድርጎታል። የአዲሱ ብሩሽ አልቋል። እኔም ሦስቱን ቡሎኖች አጥብቄ አስተሳሰርኩት፣ ግማሽ ሰዓት አቀዘቀዝኩ፣ ሐረር ድረስ መርፌው መሐል ላይ ቆሞ ገባሁ። የራዲያተሩን ክዳንም ቀየርኩ፤ ላስቲኩ ደርቋል። ሐረር ከፍታ ላይ ክፍት ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ግፊት የማይዝ ክዳን እዚህ ከቆላ ይልቅ ቶሎ ያስፈላል።

ብሩሹ 150 ብር ነው፤ ከሞተሪኖ ብሩሽ ሞርጄ ሠራሁት። ማራገቢያውን መልሼ ነፃ አደረግሁት፣ ይሠራል።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

የወጣው፦ ሞተር 30,000፣ ጭነት 2,500፣ ፓራንኮ የሦስት ቀን 1,800፣ ጓርኒሲዮን 7,200፣ የሊነር ጓርኒሲዮን 1,800፣ ቶርኖ ቤት 5,500፣ ፍሪሲዮን 3,500፣ ዘይትና ፊልትሮ ሁለት ጊዜ 4,200፣ የራዲያተር ጎማዎች 1,600፣ ብሩሽ 150፣ የአየር መሞከሪያው፣ ክዳኑ፣ ቡሎንና ልዩ ልዩ 2,300። ድምር 60,550 ብር። ጊዜው አሥር ሳምንት።

የቀረ፦ ከኋላ በኩል ሌሊት ሦስት ጠብታ ዘይት ይጥላል። ከካምቢዮው መገጣጠሚያ ነው፤ ሞተሩን ለእሱ ብዬ አላወርድም፣ እከታተለዋለሁ። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ቴስታታውን ደግሜ አጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቫልቭ።

ዛሬ አባዬን አሳፍሬ በጀጎል ዙሪያ አዞርኩት፤ ከሸዋ በር በቡዳ በር፣ በኤረር በር። ኤረር በር ስንደርስ «አቁም» አለ። መስኮቱን ከፍቶ ሚኒሞ ላይ አዳመጠ። «ከኋላ ሁለተኛው፣ ማስወጫው፣ ሰፍቷል» አለ። ቤት ገብተን እስኪበርድ ጠብቄ ለካሁት። 0.30። አዲሱ ቫልቭ ነው። ወደ 0.25 መለስኩት።